ዘይቤ የሚማር ልጅ ምን ያንብብ?

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በመንገድ አስቁመን «ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ እንደ ዳዊት ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። አነጻጻሪው «እንደ» እና «ይመስል» እያለ እንደሚያነጻጽር፣ ተለዋጩ ግን አንዱን ነገር ሌላ ነው ብሎ እንደሚቈርጥ፣ ሰውኛው ግዑዙን እንደሚያናግር፣ ግነት ከመጠን እንደሚያልፍ፣ እንቶኔ በአጠገቡ የሌለውን እንዳለ አድርጎ እንደሚጠራ፣ አያዎ የማይታረቁትን ሁለት ቃላት እንደሚያጋባ በተርታ ይነግረናል። ለእያንዳንዱም ምሳሌ አለው፤ «እንደ አንበሳ ጀግና ነው»፣ «አልማዝ አበባ ናት»፣ «ተራራው ሳቀ»። ምሳሌዎቹ ከመምህሩ ደብተር ወደ ተማሪው ደብተር፣ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እኅት ሲገለበጡ የኖሩ ናቸው። ከዚህ በኋላ «ደራሲው ይህን ዘይቤ በዚህ ቦታ ለምን ፈለገው? ባይኖርስ ምን ይጎድል ነበር?» ብለን ብንጨምርበት ግን ልጁ ዝም ይላል።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ዘይቤን ከድርሰቱ ነጥሎ ማስተማር ጨውን ከወጡ ለይቶ በማንኪያ እንደ ማቅመስ ያለ ነው። ቀማሹ ጨው ጨው እንደሚል ይረዳል፤ ወጥ ያለ ጨው ምን እንደሚመስል፣ ጨው የበዛበትም ወጥ እንዴት እንደማይበላ ግን ከዚያች ማንኪያ ሊማር አይችልም። ፈተናውም ይህንኑ ልማድ ያጸናዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ይሰጥና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ የዘይቤው ስም ይጠየቃል፤ ተማሪው ስሙን ካከበበ ማርኩን ያገኛል። ድርሰቱን ያነበበውና ያላነበበው እኩል ይሆናሉ ማለት ነው።

እኛ በዚህ ረገድ አንድ ሐሳብ አለን። ይኸውም ዘይቤ ከዝርዝር መማሩ ቀርቶ ከሁለት ሙሉ መጻሕፍት እንዲሆን ነው፤ አንዱ በሐዘን የሚፈጸም ተውኔት፣ ሁለተኛው ከዕልቂት የተረፈ ሰው በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወሻ። ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልዬት» እና የኤሊ ዊዘል «ሌሊት» ብዙ ጊዜ ለአንድ ዕድሜ ልጆች ይሰጣሉ። በሩቁ ሲታዩ የማይገናኙ ናቸው፤ አንዱ የጣልያን አገር የፍቅር ወሬ፣ ሌላው የአውሽዊትዝ የሞት ሰፈር ታሪክ። ሲነበቡ ግን አንዱ የሌላውን ትምህርት ሲጨርስ ይገኛል።

ከተውኔቱ እንጀምር። ደራሲ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ስለ መለሱልን «ሮሜዎና ዡልዬት» ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። መጋረጃው እንደ ተገለጠ አንድ ተናጋሪ ወጥቶ ሁለቱ ፍቅረኞች እንደሚሞቱ ለተመልካቹ በግልጥ ያስታውቃል። ታዲያ መጨረሻው ከተነገረ ለምን እንቀመጣለን? መምህሩ ይህን ጥያቄ ብቻ አንሥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያሳልፍበት፣ ንግር የሚባለውን ነገር ተማሪው ዳግመኛ አይረሳውም። ዡልዬት የጠጣችው መድኃኒት ለ42 ሰዓት ብቻ እንደ በድን የሚያስተኛ ነው። ይህን የሚያስረዳውን ደብዳቤ የያዘው መነኩሴ በወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት ሳያደርስ ቀርቷል። ሮሜዎ ወደ መቃብሩ ገብቶ የልጅቱ ከንፈርና ጉንጭ ገና ደም እንዳልከዳው በአፉ ይናገራል፤ ተናግሮም መርዙን ይጠጣል። ተመልካቹ ሕያው መሆኗን ያውቃልና ከወንበሩ ተነሥቶ «ኧረ ቆይ!» ሊለው ይቃጣዋል። ምጸት የሚባለው ይህ ነው፤ ትርጕሙ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ከዚያች ቅጽበት የበለጠ አያስረዳም።

ሌላም በዚሁ ተውኔት ውስጥ ያለ፣ በእኛ አስተያየት ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ሮሜዎ በመጀመሪያው ክፍል ዡልዬትን ገና ሳያይ ሌላ ሴት ወድጃለሁ ብሎ ሲያለቅስ፣ አያዎን በአያዎ ላይ ይደራርባል፤ እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ጤናው ይታመማል፣ ላባው ይከብዳል። አነጋገሩ ሁሉ ጌጥ ነው። እውነተኛው ፍቅር ሲመጣበት ግን ጌጡ ይቀንሳል። ዘይቤ ብዙ መሆኑ የስሜት ብርታት ምልክት ነው ብሎ ለሚያምን ተማሪ፣ ይልቁንም ለሚጽፍ ተማሪ፣ ከዚህ የተሻለ ተግሣጽ አናውቅም። በጋዜጣችን ለመውጣት የሚላኩልን ግጥሞችም ይህን ቢሰሙ መልካም ነበር።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ እንለፍ። ኤሊ ዊዘል ሲጌት በምትባል ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 በግንቦት ወር፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር በከብት ፉርጎ ተጭኖ ወደ አውሽዊትዝ ተወሰደ። እናቱና ታናሽ እኅቱ እዚያው ጠፉ፤ አባቱ በጥር 1945 ቡከንቫልድ በተባለው ሰፈር ሞተ፤ እሱ በሚያዝያ ወር ተረፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል ስለዚህ ጕዳይ አልጻፈም። በመጨረሻ በይዲሽ ቋንቋ ሲጽፍ ከ860 ገጽ በላይ ሆኖ ነበር፤ በ1956 በቦነስ አይረስ አጥሮ ታተመ፤ በ1958 በፈረንሳይኛ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ አጠረ። ዛሬ ዓለም የሚያነበው «ሌሊት» በአንድ ምሽት የሚያልቅ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከዚህ ሁሉ ገጽ የተቈረጠው ራሱ የድርሰት ሥራ መሆኑን ለተማሪው ማስረዳት ይገባል። ምን እንደሚባል መምረጥ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይባል መምረጥም ዘዴ ነው።

አሁን ንግር ተብሎ ከተውኔቱ የተማርነውን ነገር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንፈልገው። ሞሼ የሚባል የምኵራብ አገልጋይ፣ የድኻ ድኻ የሆነ ሰው፣ ከሌሎች የውጭ አገር ተወላጅ አይሁዶች ጋር ቀድሞ ተወስዶ ነበር። በጫካ ውስጥ ሁሉም በጥይት ሲያልቁ እሱ እግሩን ቈስሎ እንደ ሞተ ተቈጥሮ ይቀራል። አምልጦ ወደ ሲጌት ይመለስና ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ያየውን ይናገራል። ያመነው የለም፤ አብዷል አሉት፤ እንዲያዝንለት ፈልጎ ነው ያሉም ነበሩ። ቀጥሎም በፉርጎው ውስጥ አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይታየኛል እያለች ትጮኻለች፤ ተሳፋሪዎቹ ወደ ውጭ ያያሉ፣ ጨለማ ብቻ ነው፤ ያስሯታል፣ አፏን ይለጕማሉ፣ ይመቷታል። ባቡሩ አውሽዊትዝ ሲደርስ ከማቃጠያው ጭስ ማውጫ የሚንቦገቦገውን ነበልባል ሁሉም ያዩታል።

ተማሪው እዚህ ላይ መቆም አለበት። በተውኔቱ ውስጥ ንግሩን የሠራው ደራሲው ነው፤ መነኩሴውን ያስቀረው፣ ደብዳቤውን ያዘገየው ሼክስፒር ነው። በ«ሌሊት» ውስጥ ግን ያቺን ሴት ማንም ደራሲ አልፈጠራትም። ዊዘል ያደረገው ከብዙ ትዝታ መካከል እሷን መርጦ በቦታዋ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ዘዴ በሁለት እጅ ሲሠራ ሁለት የተለያየ ሸክም ይሸከማል። ይህን ልዩነት የተረዳ ልጅ ስለ ሥነ ጽሑፍ ብዙ ተረድቷል ማለት እንችላለን።

የእሳቱም ነገር እንዲሁ ነው። በተማሪው ደብተር ውስጥ «በቍጣ ተቃጠለ» የሚለው ተለዋጭ ዘይቤ ነው። በሮሜዎ አፍ ፍቅር እሳት ነው። አውሽዊትዝ ላይ ግን እሳት እሳት ነው፤ ሰው ይቃጠልበታል። በሌላ መጽሐፍ «ሲኦል ነበር» ቢባል አንባቢው ምሳሌ መሆኑን ይረዳል፤ እዚህ ምሳሌውና ነገሩ እየተጠጉ መጥተው በመካከላቸው ያለው ቦታ ይጠፋል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሰምና ወርቅ የለመድን ሕዝብ ነን፤ ከላይ የሚሰማውን ገልጠን ከሥር ያለውን መፈለግ ከቅኔ ቤት የወረስነው ልማድ ነው። በዊዘል መጽሐፍ ግን ሰሙን ስናቀልጥ ከሥሩ የሚገኘው ያው ሰሙ የተናገረው ነገር ነው። እሳት ያለው እሳት ነው፣ ጭስ ያለው ጭስ ነው። ይህን ለቅኔ ተማሪ መንገር ብቻውን ትምህርት ነው።

ግነትም እዚያ ዋጋ የለውም። «ሺህ ጊዜ ሞትሁ» የሚል ዘፋኝ ማንም አይጠይቀውም። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ተገደሉ የሚል ምስክር ግን፣ ቍጥሩ እውነት ሲሆን፣ የሚሰማው ሰው አበዛኸው ሊለው ይዳዳዋል። ስለዚህ ምስክሩ ቃሉን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ዊዘል በአንድ ስፍራ ሰው ከተሰቀለ በኋላ የዚያን ምሽት ሾርባ ጣዕም ጥሩ እንደ ነበር ይጽፋል። በሌላ ጊዜ አንድ ሕፃን ልጅ ከሁለት ሰዎች ጋር ይሰቀላል፤ ክብደት ስለሌለው ከግማሽ ሰዓት በላይ ነፍሱ አልወጣችም፤ የዚያን ምሽት ሾርባ ግን ሬሳ ሬሳ ብሎት እንደ ነበር ይነግረናል። ልቅሶ የለም፣ እርግማን የለም፤ ሾርባ ብቻ። የሁለቱ ሾርባዎች መራራቅ የሚናገረውን ስንት ገጽ ሙሉ ሙሾ ይናገረው ነበር?

አሁን አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሕፃን የተሰቀለበትን ገጽ ለልጆች ሰጥቶ «ከዚህ ውስጥ ሦስት ዘይቤዎች አውጡ» ማለት በሙታን ላይ መቀለድ አይሆንምን? ይሆናል። እንደዚያ ተብሎ ከተጠየቀ በእርግጥ ይሆናል፤ ከመምህራንም መካከል በዚህ የሚያፍሩ ቢኖሩ እናከብራቸዋለን። የሚያስነውረው ግን መጠየቁ አይደለም፣ የጥያቄው ዓይነት ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ አንድ ቀን ዝም ቢል አይጎዳም። ቀጥሎ የሚጠየቀው «ይህ ሰው ይህን በዚህ ቃል የተናገረው ለምንድን ነው?» መሆን አለበት። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው አልቃሿ ግጥሟን እንዴት እንዳወረደችው ያስተውላል፤ ይህን ማስተዋሉ ሟቹን አያረክሰውም፤ እንዲያውም የሟቹ ነገር በልቡ የሚቀረው በአልቃሿ ግጥም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ልጆቹን ያስፈራል የሚል ነው። በዚህ ላይ ብዙ አንቈይም፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የከፋ ነገር በእጅ ስልኩ ላይ፣ ማንም ሳያስረዳው፣ በየቀኑ ያያል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ናዚዎች ሰው መግደል የጀመሩት በጋዝ አይደለም፤ በዘይቤ ነው። አይሁዶችን አይጥ፣ ተባይ፣ ደም መጣጭ እያሉ ሲጠሩ ኖሩ፤ እነዚህ ሁሉ ተለዋጭ ዘይቤዎች ናቸው። ወደ ሞት የሚደረገውን ጭነት «ወደ ምሥራቅ ማስፈር» አሉት፤ ይህ ደግሞ ክፉውን በለስላሳ ቃል መሸፈን ነው። የፋሺስት ጣልያንም በአገራችን ለአገሩ የሚዋጋውን አርበኛ «ሽፍታ» ብሎ በመዝገቡ ጻፈ፤ ስሙን አስቀድሞ ስለ ለወጠ ያለ ፍርድ መግደሉ ቀለለው። በቅርብ ዓመታትም ሰው ሰውን ጅብ፣ አረም፣ ነቀርሳ እያለ በአደባባይ ሲጠራ በጆሯችን ሰምተናል። አረም ይነቀላል፣ ነቀርሳ ይቈረጣል፤ ዘይቤው ትእዛዙን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። በሮሜዎ አፍ ተለዋጭ ዘይቤን የተማረ ልጅ ይህንኑ ዘይቤ በጥላቻ ሰባኪ አፍ ሲያገኘው ለይቶ ካላወቀው፣ ያከበበው ማርክ ምን ሊጠቅመው ነው? ሰውን አረም የሚል ተናጋሪ ዘይቤውን ብቻ ነው የሚያቀርበው፤ ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ «ይህ ሰው እንጂ አረም አይደለም» ማለት የሚችለው ዘይቤን ሲፈታ ከኖረ ነው።

ይህን ስንጽፍ በተለይ የምናስባቸው በመናገሻ ዙሪያ ያሉትን ተማሪ ቤቶች ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዱሮ በመናገሻ አውራጃ ስም የሚታወቁ የገጠር ከተሞች ነበሩ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ከአዲስ አበባ ኪራይ የሸሸ ሠራተኛ፣ ከክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት፣ በቦታው ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ በቤታቸው ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ችግር ሲያወራው እንሰማለን፤ እኛ ግን እንደ ሀብት እናየዋለን። ከአያቱ ማማክሳ እየሰማ ያደገ ልጅ ተለዋጭ ዘይቤን ከመምህሩ በፊት ያውቀዋል፤ ስሙን ነው ያልሰማው። ገራርሳ የሰማም ልጅ ግነትና ድግግሞሽ እንዴት ደም እንደሚያሞቁ ማንም ሊያስረዳው አይሻም። መምህሩ «በቤታችሁ ይህ እንዴት ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራው ግማሽ ይቀልለታል።

በሰበታ ደግሞ ለዓይነ ሥውራን ልጆች የቆመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ስናስብ ስለ እነዚያ ልጆች ሳናስብ ማለፍ አልቻልንም። ምክንያቱም ሁለቱም መጻሕፍት በብርሃንና በጨለማ ላይ የታነጹ ናቸው። በተውኔቱ ሌሊት የፍቅረኞቹ ወዳጅ ነው፤ ይሸሽጋቸዋል፤ የሚለያያቸው የንጋት ወፍ ድምፅ ነው። በዊዘል መጽሐፍ ሌሊት የማይነጋ መከራ ነው። ለመሆኑ ከተወለደ ጀምሮ ብርሃን ላላየ ልጅ «ጨለማ የክፋት ተምሳሌት ነው» ብሎ ማስተማር ምን ማለት ነው? እኛ እንደሚመስለን ይህ ልጅ ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃል። «ሌሊቱ ራሱ ምን በደለ? አንዱ ወዳጅ ያደረገውን ሌላው ጠላት ያደረገው ለምንድን ነው?» ይላል። ተምሳሌት በነገሩ ውስጥ የተቀበረ ሳይሆን ደራሲው በነገሩ ላይ የሚያኖረው መሆኑን ዓይናችን ከሚያይ ከእኛ በፊት እሱ ይደርስበታል። በቀደመው ዘመን በየቅኔ ቤቱ ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህራን መገኘታቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቃል በጆሮ ነው የሚገባ። ተውኔትም ለጆሮ የተጻፈ ነው፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ሳያነቡ በዝምታ ብቻ ማስተማር እኛ ስሕተት ነው እንላለን።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ባዕድ መጻሕፍት ነው፤ አንባቢያችን «የራሳችንስ?» ማለቱ አይቀርም። አለን፤ ያውም ለመናገሻ ልጆች በመንገዳቸው ላይ።

ለተውኔቱ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» እንመርጣለን። ጸጋዬ በአምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ቀበሌ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው፤ ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ ዛሬም በቡራዩ ያልፋል። ኦሮምኛም አማርኛም ግዕዝም ያውቁ ነበር፤ ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሱልንም እሳቸው ናቸው። የሰላሌው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. ክረምት ከሰላሌ አርበኞች ጋር ሆነው፣ አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ የተደረገው ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር በጣልያኖች እጅ ወደቁ፤ አርበኞችን አውግዘው ለገዢው ይገዙ ዘንድ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ስለዚህ ተመልካቹ ወደ ትያትር ቤቱ የሚገባው መጨረሻውን አውቆ ነው፤ ሐውልታቸውን በከተማው መካከል ያየ ሰው መጨረሻው ሊነገረው አያሻም። ሼክስፒር ተናጋሪ አውጥቶ ያስነገረውን እኛ ዘንድ ሐውልቱ ተናግሮታል። ርእሱ ራሱ ዘዴ ነው፤ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ወደ አንዲት «ሰዓት» ተጨምቋል። በ1966 ዓ.ም. በወጣው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ በዚሁ ርእስ በሚገኘው ግጥም ጳጳሱ እመቤታችንን እየጠሩ ያነጋግሯታል። እንቶኔ ማለት በአጠገብ የሌለውን መጥራት ነው ብለን ነበር፤ እዚህ ግን ጠሪው የምትሰማው መሆኗን ያምናል፤ ታዲያ ይህ ዘይቤ ነው ወይስ ጸሎት? ተማሪዎች በዚህ ላይ ቢከራከሩ መምህሩ ደወሉ መደወሉን አይሰማም።

ለማስታወሻው ደግሞ የተመስገን ገብሬን «ሕይወቴ» እናቀርባለን። ተመስገን የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ የሚባለውን «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈ ደራሲ ነው፤ ጉለሌ ደግሞ ለቡራዩ ልጅ ጎረቤት ናት። ግለ ታሪኩ የታተመው ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን ጭፍጨፋ ከውስጥ ሆኖ ያየው ሰው ይናገራል። ተመስገን ልብ ወለድ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ለዚህ ነው የምንመርጠው። ያው እጅ ሰካራሙን ተበጀን ሲፈጥር የተጠቀመበትን ዘዴ፣ ያልፈጠረውን ነገር ሲመሰክር እንዴት እንደ ተጠቀመበት፣ የት ላይም እንደ ተወው ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። በዊዘልና በሼክስፒር መካከል ያገኘነው ልዩነት በአንድ ሰው ሁለት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

በአገራችን የምስክር መጽሐፍ ከሌላው አገር ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። በጀርመኖች ላይ ኑረምበርግ ተሰይሞ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ከጦርነቱ በኋላ ባዶሊዮን፣ ግራዚያኒንና ሌሎችን ለፍርድ ይቅረቡልኝ ብላ ብታመለክትም፣ በእኛ ሕዝብ ላይ ስላደረጉት አንዳቸውም ፍርድ ቤት አልቆሙም። ግራዚያኒ በፈረንጆች 1950 የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነበር፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ተለቀቀ። በ2012 ደግሞ በጣልያን አገር አፊሌ በምትባል ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠራለት። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለ ተገደሉት የገዳሙ ሰዎች ግራዚያኒ ያስተላለፈው ቍጥር 449 ነበር፤ ኋላ የተደረገው ምርምር ግን ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ አሳይቷል። ፍርድ ቤት ያልሰማውን የሚሰማው አንባቢ ነው። አንባቢው ደግሞ ማንበብ ካልተማረ፣ ምስክሩ እንደ ሲጌቱ ሞሼ ከቤት ወደ ቤት ዞሮ ይቀራል።

የሱሉልታ ልጅ ይህን ሁሉ በእግሩ ሊደርስበት ይችላል ባንልም፣ በአውቶቡስ ግን ይደርሳል። ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው መንገድ በተማሪ ቤቱ ደጃፍ ያልፋል። ሁለቱን መጻሕፍት አንብቦ የጨረሰ ክፍል በዓመት አንድ ቀን ቢወሰድ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ምሳውን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ቢመጣ ነዳጅ ብቻ ይቀራል።

የሚያስቸግረው መጻሕፍቱን ማግኘቱ ነው። የጸጋዬ ተውኔቶች በገበያ እንደ ልብ አይገኙም፤ የተመስገንም መጽሐፍ እንዲሁ። አርባና ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ቅጅ ቢገኝ ግን መምህሩ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ከደከመው ድምፁ ያማረ ተማሪ ይቀበለው። የሰበታዎቹ ልጆች በዚህ መንገድ ሲማሩ የኖሩ ናቸውና ለዓይናማው እንዴት እንደሚደመጥ ያሳዩታል። ለፈተናም ቢሆን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ባይቀር እንኳ አንዲት ጥያቄ ትጨመርልን። ከመጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ይቅረብና ተማሪው ዘይቤውን አውጥቶ በተራ ቃል እንደገና ይጻፈው፤ ከዚያም ከሁለቱ የትኛው እውነቱን ይበልጥ እንደ ተናገረ በአምስት መሥመር ያስረዳ። ማረሙ መምህሩን ያደክመዋል። አምስት መሥመር በሃምሳ ተማሪ ሁለት መቶ ሃምሳ መሥመር ነው፤ ከአንድ ምሽት አያልፍም።